የቫኗ ውሃ

በእጄ እመካ ነበር። ሌላ መካኒክ ሙቀት ለማወቅ መለኪያ ሲፈልግ እኔ መዳፌን ቱቦው ላይ አሳርፌ፣ ይሄ ደህና ነው፣ ይሄ ግሏል፣ ይሄ ደግሞ ዛሬ ካልታየ ነገ ሞተር ይበላል እላለሁ። ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ያለችውን ጋራዤን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። አፌንም ያውቃል። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ደንበኛ ሲነዘንዘኝ ቁልፉን አስጨብጬው «በል እንግዲያው ራስህ ሥራው» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ይህን የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም። የዚያ ዓመት ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ እጅና ከዚህ አፍ ስለሆነ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው ሱሉልታ ነው። ሚስት ካገባ በኋላ እዚያ ቤት ሠርቶ ገባ። ሥራው ወተት ማመላለስ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከገበሬዎች ወተት ይሰበስብና የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል ወርዶ፣ ጉለሌ ላሉ ካፌዎችና ሱቆች ያድላል። የሚነዳት ትንሽ የጃፓን ቫን ናት። አፍንጫ የላትም። ሞተሯ የተቀበረው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩ ካልተነሳ አይታይም። ሞተሩ ትንሽ በመሆኑ ከፋብሪካው ተርቦ ተገጥሞለት ነው የመጣው። ተርቦ ማለት የጭሱን ጉልበት ወስዶ ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው። ያቺ ቫን ያለ ተርቦ እንጦጦን አትወጣም፤ እዚያ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው።

አየር በግድ ሲጨመቅ ደግሞ ይግላል። የጋለ አየር ለሞተር መርዝ ነው። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ነጂው ካልሰማ ፒስተኑ ይቀልጣል። ስለዚህ አየሩ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ማቀዝቀዣ አለ፤ እኛ ኢንተርኩለር እንለዋለን። የቫኗ ማቀዝቀዣ ከሞተሩ ጎን የተሸጎጠ፣ አንድ የጸሎት መጽሐፍ የሚያህል አሉሚኒየም ነበር። ያንን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ተሰነጠቀ።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። በዚህኛው ደግሞ የደም ግፊቷ ከፍ እያለ አስቸገረ። ጳውሎስ ሆስፒታል የሚከታተሏት ሐኪሞች ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ ነገ ዛሬ ሳትል በዚያችው ሰዓት እንድትመጣ አስጠንቅቀዋታል። ለመጨረሻው ወር ቀጨኔ እኔና እማዬ ጋ መጥታ እንድትቀመጥ ተስማምተን ነበር። እስከዚያው ግን በእሷና በሐኪሞቿ መካከል ያ ዳገት ነበር።

ወንድሜ ይህን የነገረኝ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ፣ ታክሲ እስኪሞላ መጠበቅ እንደማይችል፣ ያ ቀን ከመጣ ተስፋው ቫኗ ብቻ እንደሆነች ነገረኝ። ወንድሜ ወሬ አያበዛም። ለሁለታችን የተመደበውን ወሬ ቀድማ ተወልዳ ጠቅልላ ወሰደችበት ትላለች እማዬ፣ እኔን ማለቷ ነው። የዚያን ቀን ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ዳገቱ ላይ እንዳትቆምብኝ። ሌላ ምንም አልልሽም።»

«እኔ እያለሁማ አትቆምም» አልኩት። አፌን በቆረጠው።

መጀመሪያ ዓይነቱን ፍለጋ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ዋልኩ። የሚያሳዩኝ ሁሉ ወይ የተሰነጠቀ ነው፣ ወይ የትልቅ መኪና ነው። የትልቅ መኪና ማቀዝቀዣ ለዚያች ቫን የት ይገባል? ተመልሼ ወንበሩን አንስቼ፣ ባትሪ ይዤ ሆዷን ስመረምር፣ ሞተሩና ሽቦው ተቆላልፎ እጄን ማስገቢያ እንኳ አልነበረም። ሦስት መንገድ ነበረኝ፣ ሦስቱም ጣጣ ያለበት። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ይባል የለ።

አንደኛው፣ ሰፋ ያለ ማቀዝቀዣ ከፊት ራዲያተሩ ፊት ላይ ማሰር ነው። ነፋሱን በደንብ ያገኛል፤ ግን ቱቦው ከወንበሩ ሥር ተነስቶ እስከ ፊት ሄዶ መመለስ አለበት፣ ያ ሁሉ ርዝመት አየር እስኪሞላ መኪናዋ ትለግማለች። በዚያ ላይ የራዲያተሩን ነፋስ ይቀማዋል። ሁለተኛው፣ ጠበብ ያለ ማቀዝቀዣ ከወለሉ በታች ሻንሲው ጎን አንጠልጥሎ፣ በላሜራ ጋርዶ፣ ትንሽ ቬንትሌተር መግጠም ነው። ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን ወንድሜ ወተት የሚሰበስብበት መንገድ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ሲሞላው ማቀዝቀዣ መሆኑ ቀርቶ ጡብ ይሆናል። ሦስተኛው ውሃ ነው። ሁለት ጡጫ የምታህል ማቀዝቀዣ እሞተሩ አጠገብ ትገባለች፤ አየሩን የሚያቀዘቅዘው በውስጧ የሚዞር ውሃ ነው። ውሃውን አንዲት የኤሌክትሪክ ፓምፕ እየገፋች ፊት ለፊት ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ወስዳ ትመልሰዋለች። ቦታ ለሌለው መኪና እንደዚህ ያለ መላ የለም። ብቻ ፓምፕ አለው፣ የጎማ ቱቦ አለው፣ የውሃ ታኒካ አለው።

ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ አሁንም ከጳውሎስ ከፍ ብሎ ጋራዥ አላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ምክር ልጠይቅ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያሰብኩትን ሰምተው እንዲያደንቁኝ ነበር የሄድኩት። ወረቀት ላይ ስዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩበት።

«ሆዷ ሥር አድርጊላት» አሉኝ። «ጭቃውን በሳምንት አንዴ ይጠበው። ውሃ ያለበት ነገር ጠባቂ ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ አብረሽው አትሄጂም።»

እኔ ስለ ክረምቱ ጭቃ፣ ስለ መንገዱ ድንጋይ፣ ስለ አየሩ መሳሳት ደረደርኩላቸው። እሳቸው ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብለው ሳቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ያ ሳቅ ቆጨኝ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ከሦስቱ መንገዶች ውሃውን የመረጥኩት ግማሹ ለቫኗ ነው፤ ግማሹ ግን ለዚያ ሳቅ ነው።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ቱቦው አጭር፣ እጥፋቱ ልክ፣ ጠብታ የማያፈስ። ንጹሕ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር አዋህጄ ሞላሁት። ታኒካው ነጭ ፕላስቲክ ነበር፣ ክዳኑ ሰማያዊ፤ ሌላ ቦታ ስለጠፋ ከጋቢናው ወንበር ጀርባ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበት አጠገብ አሰርኩት። ቁልፍ የለው፣ ጽሑፍ የለው። የሙቀት መለኪያም ልገጥም አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እጄ አለ አይደል ወይ።

ለሙከራ እሁድ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ወጣን። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ፣ እማዬ ከኋላ። እማዬ ቫኗን ጥንትም አትወዳትም፤ እሳት ላይ ተቀምጦ መሄድ ነው ትላለች፣ ሞተሩ ከመቀመጫ ሥር ሲያጓራ። የዚያን ቀን ዳገቱን ስንጀምር ቀስ በል ልጄ ማለት አበዛች። እኔ ለሞተሩ ጆሮዬን ሰጥቼ ስለነበር ዝም በይ እማዬ ብዬ አቋረጥኳት። ቫኗ ባሕር ዛፉን ሰንጥቃ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሳትለግም ወጣች። እንደቆምን ወንበሩን አነሳሁና መዳፌን ቱቦው ላይ አሳረፍኩ። ለብ ያለ ነው። የሕፃን ገላ መታጠቢያ ውሃ ያህል ነው። ወንድሜን ጠርቼ እጁን አስነካሁት፤ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

እማዬ ተሳልማ ስትመለስ አንድ ጠርሙስ ጠበልና በወረቀት የተጠቀለለ እምነት ይዛ ነበር፤ እምነት የምንለው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን አመድ መሰል አፈር ነው፣ ሲታመሙ ይቀቡታል፣ በጠበል በጥብጠው ይጠጡታል። ለምራቷ ነው የያዘችው። ስትገባ ጉልበቷ ታኒካውን ነካውና ይሄ ምንድነው አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አፌ ተፈትቷል።

«ሞተርም እንደ ሰው ነው እማዬ፤ ትኩሳት ሲይዘው ጠበል ይፈልጋል። ይቺ የሱ ጠበል ናት።»

ወንድሜ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። ታኒካውን አየችው፣ ክዳኑን አየችው፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በየእሁዱ ወተቱን ሲጨርስ እማዬን እንጦጦ ማርያም ያደርሳት ነበር። አስቀድሳ፣ ጠበል ቀድታ ትመለሳለች። እኔ እሁድ እተኛለሁ፣ አብሬ አልሄድም። ጥምቀት አለፈ፣ ጾሙ ገባ። የወንድሜ ሚስት ሆዷ እየገፋ ሄደ፤ ልጁ ይራገጥ ጀመር፤ እማዬ የጥጥ ብርድ ልብስ ልታሠራ ሸማኔ ጋ ተመላለሰች። ነገሩ ሁሉ ደህና ይመስላል። ይመስላል እንጂ ምልክቱ ነበር፤ ማየት የነበረባት እኔ ነበርኩ፣ አላየሁም።

አንድ ቀን ቫኗ ዘይት ልትቀይር ስትመጣ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ምንጣፍ ርሶ፣ ግራጫ ነገር ደርቆበት አገኘሁ። ወተት ነው ብዬ ወንድሜን ተቆጣሁት፤ ጣሳህን ክደን፣ መኪናዬን አታግማብኝ አልኩት። መኪናዬን ነው ያልኩት። የታኒካው ሆድም ከውስጥ ደፍረስ ብሏል። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ የገባ አቧራ ነው አልኩ። ክዳኑን ከፍቼ እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን ሳይ ደስ አለኝ፤ ጠብታ አላፈሰም ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ መጥቶ፣ ቫኗ ዳገቱ ላይ ትንሽ ይደክማታል መሰለኝ አለኝ። ወዲያው ወንበሩን አንስቼ መዳፌን ቱቦው ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ ነው። ይኸው፣ ንካው አልኩት፣ ምንም የለባትም። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ክው እላለሁ። ቫኗ እኔ ጋ የምትመጣው ከእንጦጦ ወርዳ ነው። ከአናቱ እስከ አዲሱ ገበያ ቁልቁለት ነው፤ ተርቦው አይሠራም፣ ነፋሱ እየነፈሰባት ነው የምትወርደው። በቁልቁለት የመጣ ቱቦ ምን ብሎ ይግላል? ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ሦስት መኪና ደጄ ላይ ተገትሮ ነበር፤ አንዱ ባለቤት ቆሞ ይነዘንዘኛል። ወንድሜ ከቻልሽ አንድ ቀን ዳገቱን አብረሽኝ ውጪ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩት። እግርህን ግን አቅልል ብዬ ሸኘሁት። በሚቀጥለውም ሳምንት አልወጣሁም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው።

«ቆመች» አለኝ። ምን እንደሆነች አልጠየቅሁትም፤ ድምፁ ነግሮኛል።

የሰው መኪና አስነስቼ በቱታዬ ወጣሁ። ባለቤቱን እንኳ አላስፈቀድኩም። በአዲሱ ገበያ አድርጌ ዳገቱን ስወጣ ደጋግሜ ደወልኩለት፤ አያነሳም። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ አብራቸው የነበረችው ጎረቤታቸው ናት። ሚስቱን ጠዋት ራሷን አሟታል፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ ብላለች። ወንድሜ የጫነውን ወተት እንኳ ሳያወርድ ሁለቱን ከኋላ አስገብቶ ተነሳ። ከሱሉልታ ወደ አናቱ ሲወጡ ከወንበሩ ሥር ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የሚያናውጡ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ወንድሜ ሰምቷል፤ ግን ሚስቱ እያቃሰተች እንዴት ያቁም? ይባስ ብሎ ረገጠው። ከአናቱ በፊት ባለችው የመጨረሻ ኩርባ ላይ ቫኗ አንድ ጊዜ ተንጣ፣ ነጭ ጭስ ሞልቷት ቆመች። ወንድሜ መንገዱ መሐል ገብቶ እጁን ዘርግቶ ቆመ። መኪኖቹ እየዞሩት አለፉ። በመጨረሻ አንድ አሸዋ የጫነ መኪና ቆመላቸው። ያ ሁሉ ሲሆን አርባ አምስት ደቂቃ አልፏል።

እኔ ስደርስ እነሱ ሄደዋል። የአሸዋው መኪና በእኔ በኩል አልፎኝ ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ እነሱን እንደያዘ ምን አውቄ! ቫኗ በሯ እንደተከፈተ ብቻዋን ቆማለች። የወተት ጣሳዎቹ ተርታውን ተቀምጠዋል። ወንበሩን አንስቼ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መዳፌን ቱቦው ላይ አሳረፍኩ። ቆሞ ያን ያህል ቆይቶ እንኳ ፈጀኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ እዚህ አውራ ጣቴ ሥር አለ።

እናቲቱ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ወንድ ልጅ ነበር። ሐኪሟ አልወቀሰችንም፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ ብላ ጀመረችና ተወችው። ወንድሜ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ ነበር፤ ቱታዬንና የተቃጠለ እጄን አየ፣ ቀና ብሎ ግን ፊቴን አላየኝም። ዘመድ አዝማድ ሊጠይቃት ሲመጣ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላታል። እሷም አሜን ትላለች፤ ሌላ ምን ትበል።

ቫኗን አስጎትቼ ጋራዤ አስገባሁ። ፒስተኑ ቀልጦ ተበስቷል፤ ይሄን ጠብቄው ነበር። ፓምፑን ስፈታው ግን በጥቁር ግራጫ ጭቃ ታፍኖ ደርቋል። ታኒካውን ገለበጥኩት፤ ከሥሩ አንድ ጣት የሚሆን ዝቃጭ ወጣ። አቧራ እንዲህ አይወፍርም። በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ አሸሁት። እጄ ከእኔ ቀድሞ አወቀው፤ ልስልስ ያለ፣ አመድ አመድ የሚል፣ ልጅ ሆኜ ራሴን ባመመኝ ቁጥር እማዬ ግንባሬን የምትቀባኝ ነው። በየእሁዱ፣ ወንድሜ ወርዶ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ ክዳኑን ከፍታ እምነቱን በጠበል በጥብጣ ስትጨምር ታየኝ። ለልጁ ብላ ነው። ለምራቷ፣ ለልጅ ልጇ፣ ለዚያች ለማትወዳት መኪና ብላ ነው። የሱ ጠበል ናት ብዬ መንገዱን ያሳየኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ታኒካውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እጣቢው የጠበል ነው፣ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ በባልዲ ይዤ መድኃኔ ዓለም ግቢ ድረስ ወስጄ ጽድ ሥር አፈሰስኩት። ለእማዬ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ልጁን አንቺ ነሽ ልበላት? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ወንድሜ ሲመጣ ፓምፑን አሳየሁት። የመረጥኩት ፓምፕ ደካማ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ እኔም እጮህ ነበር፣ ምናልባትም ይወጣልን ነበር። እሺ ብቻ አለኝ። በሳምንቱ መኪና የሚጎትት ሰው ይዞ መጥቶ ቫኗን ወደ ጋሼ ጋራዥ ወሰዳት። ጋሼም ሌላ ሞተር አስገቡላት፤ ማቀዝቀዣውን መጀመሪያ እንዳሉኝ ሆዷ ሥር፣ በላሜራ ጋርደው አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በጋራዤ በር እያለፈ ክላክስ እንኳ አያደርግልኝም። ዓመት ሊሞላው ነው።

ባለፈው ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ጋራዥ መጣች። የቀጨኔን ቁልቁለት መውረድ ስለማትወድ እዚያ ድረስ አትመጣም፤ ስትገባ ደነገጥኩ። ጠርሙስና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ምራቷ እንደገና ማርገዟን ነገረችኝ። አራት ወሯ ነው፤ ግፊቱም ከወዲሁ ጀምሯታል። ከዚያ ወንድሜን ትወቅስ ጀመር። እህትህን እንዲህ ማኩረፍህ ኃጢአት ነው ብላ እንደተቆጣችው ነገረችኝ።

«እሷ ምን አጠፋች አልኩት። እኔ ራሴ በየሳምንቱ ጠበልና እምነት እጨምርበት ነበር አልኩት። ያ ባይሆን እናቲቱም አትተርፍልህም ነበር።»

 ምን አለሽ አልኳት። ምንም አላለኝም፣ ሰምቶኝም እንደሆን እንጃ፣ ወተት እያወረደ ነበር አለች። ከዚያ በርጩማዬ ላይ እየተቀመጠች ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ያ ሽማግሌ ታኒካውን አውጥቶታል። ባለፈው እሁድ ወንበሩን አንስቼ አየሁ፤ ሞተሩ አናት ላይ አንዲት ጥቁር ክዳን አለች። እዚያ ነው አሁን የማደርገው?»

የዘይት ክዳኗን ማለቷ ነው። እዚያ ከገባ ሞተሩ አንድ ዳገት አይወጣም። የያዝኩት ካቻቢቴ ከእጄ ወደቀ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ነገር በሩን ከፍቶ ገብቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። በሩን ዘጋሁና አጠገቧ ተንበርክኬ ነገርኳት። ዝቃጩን፣ ፓምፑን፣ ጽዱን፣ ውሸቴን፣ ምንም አላስቀረሁም። እጇን ይዤ ነበር፤ እየተናገርኩ ሳለ ሲቀዘቅዝ ይሰማኛል።

«የማርያም እምነት ሰው አይገድልም» አለችኝ።

«አይገድልም እማዬ። ቦታው አልነበረም። ያንን ቦታ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። አብረሽኝ ውጪ ሲለኝ ያልወጣሁትም እኔ ነኝ።»

 ወረቀቱን ፈታ አየችው፣ መልሳ ጠቀለለችውና ጡቷ ውስጥ ከተተችው። ወንድሜ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኳት። ተነሳች። እኔ እነግረዋለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ አልኳት።

«አንቺ ዓመት ሙሉ ዋሽተሻል» አለችኝ። «እኔ ነኝ የምነግረው።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ጋራዡን ሳልዘጋ ተከተልኳት። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝን፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ታክሲው አናቱን አልፎ ወደ ሱሉልታ መውረድ ሲጀምር፣ መጀመሪያ የምትገኘው ኩርባ ላይ፣ እማዬ በመስኮቱ አሻግራ አየችና ክንዴን ያዘችኝ።

«የቆመችው እዚህ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ ነው» አልኳት።

ወራጅ አለ ያለ ሰው አልነበረም፤ ታክሲው አለፈ።